የትዳር ጓደኛ ወደ ሌላ ከተማ ወይም አገር ሲዛወር ሥራ መልቀቅ፦ በኤምሬቶች ሠራተኛው ከደብዳቤው በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

አቡ ዳቢ፦ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የሚኖሩ ብዙ ባልና ሚስቶች ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው። አንደኛው ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ሌላ አገር በሥራ ሲዛወር፣ ሌላኛው ሥራውን ለቅቆ የመከተል ወይም ለጊዜውም ቢሆን ተለያይቶ የመኖር ምርጫ ይገጥመዋል። ውሳኔው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አፈጻጸሙ ግን የማስጠንቀቂያ ጊዜን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የጤና መድንንና የባንክ ዕዳን የሚነካ ሕጋዊ ሂደት ነው። በአግባቡ የተፈጸመ የሥራ መልቀቅ የዓመታት ድካም ዋጋን ሳያጎድል ያስረክባል። በጥድፊያ የተፈጸመ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዲርሃም ሊያሳጣ፣ ከዚያም አልፎ ለአንድ ዓመት አዲስ የሥራ ፈቃድ ሊያስከለክል ይችላል።

ይህ ጽሑፍ በግሉ ዘርፍ ተቀጥረው ለሚሠሩ ነዋሪዎች ሂደቱን በቅደም ተከተል ያብራራል። በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩትንና በነፃ የንግድ ቀጠናዎች የሚሠሩትን የሚመለከቱ ልዩነቶችም በየቦታቸው ተጠቅሰዋል።

ሕጉ ስለ ምክንያቱ ምን ይላል?

የግሉን ዘርፍ የሥራ ግንኙነት የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ፌዴራላዊ ሕግ ቁጥር 33 ነው። ሕጉ ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከ1980 ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን ሕግ ቁጥር 8 ተክቷል።

በዚህ ሕግ ውስጥ «የትዳር ጓደኛው የተዛወረበት ሠራተኛ» የሚል የተለየ አንቀጽ የለም። ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ወዲያውኑ ሊለቅ የሚችልባቸው ሁኔታዎች በአንቀጽ 45 ተዘርዝረዋል። እነርሱም አሠሪው የውል ግዴታውን ሲጥስና ለሚኒስቴሩ አመልክቶም ጥሰቱ ሳይታረም ሲቀር፣ በሠራተኛው ላይ ድብደባ ወይም ትንኮሳ ሲፈጸም፣ በሥራ ቦታው ላይ ለሕይወት ወይም ለጤና የሚያሰጋ ከባድ አደጋ ሲኖር፣ እንዲሁም ሠራተኛው ያለ ፈቃዱ በውሉ ከተስማማበት በመሠረቱ የተለየ ሥራ እንዲሠራ ሲደረግ ነው። የባል ወይም የሚስት ዝውውር ከእነዚህ አንዱ አይደለም።

ስለዚህ ጉዳዩ የሚስተናገደው በአንቀጽ 43 መሠረት ነው። አንቀጹ ከተዋዋዮቹ እያንዳንዱ በቂ ምክንያት ሲኖረው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ባለቤቱ ወደ ሌላ አገር ስለተዛወረ ቤተሰቡን ለመከተል የሚለቅ ሠራተኛ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ይበቃዋል፤ የቤተሰቡን ምስጢር በደብዳቤ መዘርዘር አይጠበቅበትም። ይሁንና ምክንያቱ የቱንም ያህል አሳማኝ ቢሆን የማስጠንቀቂያውን ጊዜ አያሳጥርም። አሠሪው ፈቅዶ በጽሑፍ ካሳጠረለት ግን ሌላ ነገር ነው።

የማስጠንቀቂያው ጊዜና አቆጣጠሩ

የማስጠንቀቂያው ጊዜ በሥራ ውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ሕጉ ዝቅተኛውን 30 ቀን፣ ከፍተኛውን 90 ቀን አድርጎ ወስኗል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሉ እንደጸና ይቆያል፤ ሠራተኛው ይሠራል፣ ሙሉ ደመወዙንም ያገኛል።

የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ሳይጨርስ የሚሄድ ወገን ለቀረው ጊዜ የሠራተኛውን ደመወዝ ያህል ካሳ ለሌላው ይከፍላል። ይህ ካሳ የሚጠየቀው በሌላው ወገን ላይ ጉዳት ባይደርስም ጭምር ነው። «ድርጅቱ በእኔ መሄድ ምን ጎደለበት?» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ አይሠራም።

ለዚህ ነው የትዳር ጓደኛው ዝውውር እንደተረጋገጠ የቀን መቁጠሪያን ዘርግቶ ወደ ኋላ መቁጠር የሚያስፈልገው። ለምሳሌ ባልየው በሌላ አገር ሥራ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 1 ነው እንበል። የሚስቱ ውል የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። አሠሪው የመጨረሻ ክፍያዎችን ለመፈጸም ሕጉ የሚሰጠው 14 ቀን ሲታከልበት 74 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ደብዳቤው እስከ ጁን አጋማሽ መግባት አለበት። የባልየው ትኬት ከተቆረጠ በኋላ በኦገስት የሚጻፍ ደብዳቤ ዘግይቷል፤ ባልየው ቀድሞ መሄድ፣ ሚስቱም ሒሳቧን ጨርሳ መከተል ሊኖርባቸው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ለጥቂት ሳምንታት ተለያይቶ መቆየት ብዙ ጊዜ ከጥድፊያው ኪሳራ ይሻላል።

በሙከራ ላይ ላለ ሠራተኛ ደንቡ የተለየ ነው። የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ አገሩን ለቅቆ ለመውጣት የፈለገ የውጭ ዜጋ 14 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል። እዚያው ኤምሬቶች ውስጥ ወደ ሌላ አሠሪ ለመሄድ ከሆነ ግን ማስጠንቀቂያው አንድ ወር ነው፤ አዲሱ አሠሪም የቀድሞውን አሠሪ የምልመላና የቅጥር ወጪ እንዲተካ ይገደዳል፤ ሁለቱ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ በቀር። ባለቤቷ ከአቡ ዳቢ ወደ ራስ አል ኸይማ የተዛወረባት የሙከራ ሠራተኛና ባለቤቷ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰባት የሙከራ ሠራተኛ እንግዲህ በሁለት የተለያዩ ደንቦች ይስተናገዳሉ። አገሩን ለቅቆ የወጣ የሙከራ ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ በሌላ አሠሪ ቢቀጠር፣ የመጀመሪያው አሠሪ ካሳ የመጠየቅ መብቱ እንደሚነሣም ማስታወስ ይገባል።

ከመልቀቅ በፊት የሚጠየቁ አማራጮች

የአድራሻ መቀየር ሁልጊዜ ሥራ መልቀቅን አያስከትልም። በተለይ ዝውውሩ ከአንድ ኤምሬት ወደ ሌላ ኤምሬት ሲሆን ከደብዳቤው በፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ መዛወር ነው። በንግድ፣ በሆቴል፣ በጽዳትና በጤና አገልግሎት የተሰማሩ ብዙ ድርጅቶች በተለያዩ ኤምሬቶች ቅርንጫፍ አላቸው። ሠራተኛው ተዛውሮ ከቀጠለ የአገልግሎት ዘመኑ አይቋረጥም።

ሁለተኛው የሥራውን ዓይነት መቀየር ነው። የሥራ ሕጉና የማስፈጸሚያ ደንቡ ከሙሉ ጊዜ ሥራ በተጨማሪ የትርፍ ጊዜ፣ ጊዜያዊ፣ በሰዓት የሚለዋወጥ፣ ከርቀት የሚሠራና ለሁለት ሠራተኞች የሚከፋፈል ሥራን ያውቃሉ። የሒሳብ፣ የትርጉም ወይም የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛ ከርቀት እንዲሠራ መጠየቁ እንግዳ ነገር አይደለም። አሠሪው የመቀበል ግዴታ ግን የለበትም።

ሦስተኛው ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። አንቀጽ 33 ይህንን ፈቃድ በአሠሪው ስምምነት ላይ ይመሠርተዋል። ጊዜው እንደ አገልግሎት አይቆጠርም፤ የሥራ ግንኙነቱ ግን ይቀጥላል። የተዛወረው ባለቤት አዲሱን ሥራ ይወደው እንደሆነ ገና ያልታወቀ ከሆነ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር እንዲህ ያለ ፈቃድ ወስዶ ሁኔታውን ማየት ሥራንም የመመለሻ በርንም ያቆያል። እዚህ ላይ አንድ ወሰን አለ። ከአገር ውጭ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሰው፣ ልዩ መብት ከተሰጣቸው ክፍሎች ካልሆነ በቀር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ዋጋ ያጣል።

የገንዘቡ ሒሳብ

በቀድሞው ሕግ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያው እንደ ውሉ ዓይነት ይቀነስበት፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቀርበት ነበር። «ራሱ የለቀቀ ምንም አያገኝም» የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ በሠራተኛው ዘንድ የሚሰማው ከዚያ ዘመን ተርፎ ነው። በአሁኑ ሕግ ይህ ቅነሳ ቀርቷል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ያገለገለ የውጭ አገር ሠራተኛ ቢለቅም ቢሰናበትም ስሌቱ አንድ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ። ጠቅላላው ከሁለት ዓመት ደመወዝ አይበልጥም። ያለ ክፍያ የቀሩ ቀናት አይቆጠሩም።

ቁልፉ ቃል «መሠረታዊ» የሚለው ነው። በዐረብኛው ውል «አል-አጅር አል-አሳሲ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር እንጂ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት አበል የተደመረበት ጠቅላላ ደመወዝ አይደለም።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ሠራተኛ በወር 4,500 ዲርሃም ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ መሠረታዊ ደመወዟ 3,000 ነው። አራት ዓመት ከመንፈቅ አገልግላለች። የቀን መሠረታዊ ደመወዟ 100 ዲርሃም ነው። የአንድ ዓመቱ 2,100፣ የአራት ዓመት ከመንፈቁ ደግሞ 9,450 ዲርሃም ይሆናል። ሠራተኛዋ በጠቅላላ ደመወዟ አስልታ 14,175 ዲርሃም ጠብቃ ከነበረ በመጨረሻው ቀን ማዘኗ አይቀርም፤ ስለዚህ ስሌቱን ቀድሞ መሥራት ይበጃል። ይህችው ሠራተኛ ሰባት ዓመት አገልግላ ቢሆን ኖሮ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 10,500፣ ለቀሩት ሁለት ዓመታት 6,000፣ በድምሩ 16,500 ዲርሃም ታገኝ ነበር።

በዚህ ላይ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ይታከላል። ሙሉ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ አለው። ሥራውን ሲለቅ ያልተጠቀመበት ቀን በመሠረታዊ ደመወዙ ታስቦ ይከፈለዋል። ከላይ በምሳሌ የጠቀስናት ሠራተኛ 18 ቀን ቢቀራት 1,800 ዲርሃም ይጨመርላታል። የአራት ዓመት ከመንፈቁ ድምር እንግዲህ 11,250 ዲርሃም ደረሰ።

አሁን ደግሞ ይህችው ሠራተኛ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ እያለባት 20 ቀን ብቻ ሠርታ ባሏን ተከትላ ሄደች እንበል። የቀሩት 40 ቀናት በጠቅላላ ደመወዟ ሲታሰቡ፣ በቀን 150 ዲርሃም፣ 6,000 ዲርሃም ይሆናሉ። ይህ አሠሪዋ ሊጠይቃት የሚችለው ካሳ ነው። ከ11,250 ዲርሃም ውስጥ በእጇ የሚቀረው 5,250 ብቻ ይሆናል። ከአራት ዓመት ከመንፈቅ ድካም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የአርባ ቀን ጥድፊያ በላው ማለት ነው።

የመመለሻ ትኬትን በሚመለከት ሕጉ ሠራተኛውን ወደ ተቀጠረበት ቦታ የመመለስን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛው ወደ ሌላ አሠሪ ከተዛወረ፣ ወይም ውሉ የተቋረጠው በሠራተኛው ምክንያት ከሆነ ግን ወጪው የራሱ ይሆናል። በቤተሰብ ምክንያት የሚለቅ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ከአሠሪው ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ስምምነቱን በጽሑፍ ቢይዝ ኋላ ከሚነሣ ክርክር ይድናል።

ሥራ መልቀቅና የሥራ አጥነት መድን

እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ቁጥር 13 የተቋቋመውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የሚሠራበት የሥራ አጥነት መድን፣ ሥራውን ያለ ፈቃዱ ላጣ ሠራተኛ እስከ ሦስት ወር የመሠረታዊ ደመወዙን 60 በመቶ ይከፍላል። መሠረታዊ ደመወዙ እስከ 16,000 ዲርሃም የሆነ ሠራተኛ በወር 5 ዲርሃም ያዋጣል። ለመጠቀም ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት መዋጮ መክፈልና ሥራው በተቋረጠ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል።

በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ግን ከዚህ መድን አይጠቀምም። የትዳር ጓደኛን መከተል ምክንያቱ ቢሆንም መልቀቅ መልቀቅ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ሁኔታ አለ። አንዳንድ ጊዜ አሠሪው ሠራተኛ ለመቀነስ በሚያስብበት ወቅት የሠራተኛው ባለቤት መዛወር ይሰማል፤ «አንቺ መሄድሽ ላይቀር፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፊና እንጨርስ» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ውሉን የሚያቋርጠው በእርግጥ አሠሪው ከሆነ ሰነዱም እንዲያ ማለት አለበት። ሠራተኛዋ እዚያው አገር ቆይታ ሥራ የምትፈልግ ከሆነ፣ «ኢስቲቃላ» የሚል ርዕስ ባለው ወረቀት ላይ ያኖረችው ፊርማ መድኑን ያስቀርባታል። ውሉን አሠሪው ሲያቋርጥ በማስጠንቀቂያው ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ያለ ደመወዝ ቀርቶ ሥራ የመፈለግ መብት መኖሩንም ማወቅ ይገባል።

የመኖሪያ ፈቃዱ የማን ነው?

ከገንዘቡ ቀጥሎ ትልቁ ጥያቄ የመኖሪያ ፈቃዱ በማን ስም ተያይዟል የሚለው ነው። ሁለት ሁኔታዎች አሉ።

በመጀመሪያው ሁኔታ ሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃዱን ያገኘው በራሱ አሠሪ በኩል ነው። የባለቤቱ መዛወር ፈቃዱን አይነካውም። ሥራውን ከለቀቀ ግን አሠሪው መጀመሪያ የሥራ ፈቃዱን፣ ቀጥሎ የመኖሪያ ፈቃዱን ያሰርዛል። ከስረዛው በኋላ የሚሰጠው የመቆያ ጊዜ እንደ ነዋሪው ክፍል ከ30 እስከ 180 ቀን ይለያያል። ትክክለኛው ቀን በስረዛው ሰነድ ላይ ስለሚጻፍ ከሰው በሰማው ላይ መመሥረት አይገባም። ከዚያ ቀን በላይ የቆየ በየቀኑ 50 ዲርሃም ይቀጣል።

በሁለተኛው ሁኔታ ሚስት የምትኖረው በባሏ ስፖንሰርነት ሆኖ የምትሠራው በአሠሪዋ ስም በወጣ የሥራ ፈቃድ ነው። ይህ አሠራር የተፈቀደና የተለመደ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባልየው ከአገር ሲወጣ ነው። የእርሱ የመኖሪያ ፈቃድ ከመሰረዙ በፊት በእርሱ ስር ያሉት የሚስትና የልጆች ፈቃዶች መሰረዝ አለባቸው። ስለዚህ የባልየው ድርጅት የሰጠው ቀን ለሚስትየውም ቀን ይሆንባታል። የማስጠንቀቂያ ጊዜዋ ሳያልቅ የመኖሪያ ፈቃዷ ሊሰረዝ ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ሚስትየው ለመከተል ከወሰነች የሁለቱን የስረዛ ቀን አስቀድመው አጣጥመው ለየአሠሪዎቻቸው ይነግራሉ። ለመቆየት ከወሰነች ደግሞ አሠሪዋ የመኖሪያ ፈቃዷን ወደ ራሱ እንዲያዛውር ባልየው ከመሰረዙ በፊት ትጠይቃለች። ባልየው እዚያው አገር ውስጥ አሠሪ የሚቀይር ብቻ ከሆነ የቤተሰቡን ፋይል ለጊዜው በይደር የማቆየት አሠራር ስላለ፣ ሚስትየው ሥራ ለመልቀቅ ከመወሰኗ በፊት ይህንን የመኖሪያ ጉዳዮች መሥሪያ ቤትን ጠይቃ ማረጋገጥ ይኖርባታል። በዱባይ ይህንን የሚያስተናግደው የዱባይ የመኖሪያና የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በሌሎቹ ኤምሬቶች ፌዴራላዊው የማንነት፣ የዜግነት፣ የጉምሩክና የወደብ ደኅንነት ባለሥልጣን ነው።

የጤና መድንም ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ይህንን በተለይ ልታስብበት ይገባል። ሕጉ ለ45 ቀን ሙሉ፣ ለ15 ቀን ደግሞ ግማሽ ደመወዝ የሚከፈልበት የ60 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣታል። ከመውለዷ ጥቂት ሳምንታት በፊት የምትለቅ ሠራተኛ ይህንን ክፍያም የመድን ሽፋኗንም ታጣለች። ባልየው ቀድሞ ሄዶ ቤት ቢያዘጋጅ፣ እርሷም ከወሊድ ፈቃዷ በኋላ ደብዳቤዋን ብታስገባ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

በመድረሻው አገር የሚጠብቀው

መልቀቂያውን ከመጻፍ በፊት በመድረሻው አገር መሥራት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። በባል ወይም በሚስት ስፖንሰርነት የተገኘ የመኖሪያ ፈቃድ በብዙ አገር በራሱ የሥራ ፈቃድ አይሆንም። ለምሳሌ በሳዑዲ ዓረቢያ የውጭ አገር ሠራተኛ አብሮት ለሚኖር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 400 ሪያል፣ በዓመት 4,800 ሪያል ክፍያ ይፈጽማል፤ ተከታይ የቤተሰብ አባልም ያለ ተጨማሪ ፈቃድ መቀጠር አይችልም። ሚስትና ሁለት ልጆች ይዞ የሚሄድ ሠራተኛ ለዚሁ ብቻ በዓመት 14,400 ሪያል ማሰብ ይኖርበታል። የባልየው የደመወዝ ጭማሪ፣ ከሚስትየው የሚቀረው ደመወዝና እነዚህ ወጪዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲጻፉ ውሳኔው ይጠራል።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚመለሱም ሆነ ከኢትዮጵያ ወደ ኤምሬቶች ለሚመጡ ባለትዳሮች ሒሳቡ ይህንኑ ይመስላል። ባለቤቱ ኤምሬቶች የሚሠራ፣ ራሱ ግን በኢትዮጵያ በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሥራውን ከመልቀቁ በፊት ግን የመግቢያው ጉዳይ ማለቁን ማረጋገጥ አለበት። ቤተሰብ ለማምጣት ስፖንሰር የሚሆነው ሠራተኛ ቢያንስ 4,000 ዲርሃም፣ ወይም 3,000 ዲርሃምና መኖሪያ ቤት ማግኘት ይጠበቅበታል። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱም ወደ ዐረብኛ በሕጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የተረጋገጠ መሆን አለበት። ማረጋገጫው ሳይጠናቀቅ ሥራ የለቀቀ ሰው ለወራት ያለ ገቢ ሊጠብቅ ይችላል።

ደብዳቤው፣ ፊርማውና ቃላቱ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የመልቀቂያ ደብዳቤ አጭር ቢሆንም ቀኑን፣ የውሉን የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የመጨረሻውን የሥራ ቀንና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ አለበት። የደረሰበት ቀን እንዲታወቅ በኢሜይል መላክ ወይም ቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማ ማስፈረም ያስፈልጋል። ለቅርብ አለቃ በቃል መንገር የማስጠንቀቂያውን ጊዜ አያስጀምርም።

ዐረብኛ ለማያነቡ ሠራተኞች አንዳንድ ቃላትን መለየት ይጠቅማል። «ኢስቲቃላ» በራስ ፈቃድ መልቀቅ ነው። «ፈስል» ደግሞ በአሠሪው መሰናበት ነው። «ፊትረት አል-ኢንዛር» የማስጠንቀቂያ ጊዜ ማለት ነው፤ ብቻውን የተጻፈ «ኢንዛር» ግን የቅጣት ማስጠንቀቂያም ሊሆን ስለሚችል ዐውዱን ማየት ያሻል። «ሙካፋአት ኒሃየት አል-ኺድማ» የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ፣ «ኢልጋእ» ስረዛ፣ «ሸሃደት አል-ኺብራ» የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው «ሙኻለሳ» የሚለው ነው። ይህ ሰነድ ሠራተኛው የሚገባውን ሁሉ እንደተቀበለና በአሠሪው ላይ ምንም ጥያቄ እንደሌለው የሚያረጋግጥ ነው። ገንዘቡ ሳይከፈል «ፈርሚ፣ ነገ ወደ ባንክሽ ይገባል» ሲባል ፈርሞ መውጣት ኋላ መብትን ማስረዳት ከባድ ያደርገዋል። መጀመሪያ ዝርዝሩን መቁጠር፣ ክፍያውን ማየት፣ ከዚያ መፈረም ተገቢው ቅደም ተከተል ነው። አሠሪው ክፍያውን ውሉ ባበቃ በ14 ቀን ውስጥ እንዲፈጽም፣ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀትም ሠራተኛው ሲጠይቅ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድዳል። ፓስፖርትን መያዝም አይፈቀድለትም።

የባንክ ብድር ወይም የክሬዲት ካርድ ዕዳ ያለበት ሠራተኛ ከመሄዱ በፊት ከባንኩ ጋር ተነጋግሮ የመክፈያ ስምምነት ማድረግ አለበት። የአገልግሎት ማብቂያው ክፍያ ወደ ባንክ ሲገባ ለዕዳው ሊያዝ እንደሚችል ሳያስቡ በዚያ ገንዘብ ትኬት ለመቁረጥ ማቀድ ቤተሰቡን ችግር ላይ ይጥላል። የቤት ኪራይ፣ የኤሌክትሪክና የውኃ፣ የስልክ ውሎችም በስማቸው የተመዘገቡ ከሆነ መዘጋት አለባቸው።

ሳይናገሩ መሄድ

የተዛወረውን የትዳር ጓደኛ ለመከተል ደብዳቤ ሳያስገቡ በዓመት ፈቃድ ሰበብ ወጥቶ መቅረት አንዳንዶች የሚመርጡት አቋራጭ ነው። ከሰባት ተከታታይ ቀናት በላይ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ለመሰናበት ምክንያት ይሆናል። ውሉ ሳያበቃ ያለ በቂ ምክንያት ሥራውን ጥሎ የሄደ የውጭ ዜጋም፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ለአንድ ዓመት አዲስ የሥራ ፈቃድ አይሰጠውም። የቤተሰብ ሁኔታ ይለወጣል፤ ዛሬ ወደ ሌላ አገር የተዛወረ ባል በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዱባይ ሊመለስ ይችላል። ሚስትየው በስርዓት ለቅቃ ከነበረ በሩ ክፍት ይጠብቃታል።

የቤት ውስጥ ሠራተኞችና ነፃ የንግድ ቀጠናዎች

የቤት ውስጥ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሥራ ሕጉ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ቁጥር 9 ነው። ይህ ሕግ የሳምንት ዕረፍትን፣ የ30 ቀን የዓመት ፈቃድን፣ የጤና መድንንና የመታወቂያ ሰነዶችን በራስ እጅ የመያዝ መብትን ያረጋግጣል። የማቋረጫው ሥርዓትና ክፍያው ግን ከላይ ከተዘረዘረው ይለያል፤ የሥራ አጥነት መድኑም አይመለከታቸውም። ባሏ ወደ ሌላ ኤምሬት የተዛወረባት ወይም ወደ አገር ቤት የተመለሰባት የቤት ሠራተኛ ውሏን አስነብባ፣ ለአሠሪዋና ላስቀጠራት ቢሮ በጽሑፍ ብታሳውቅ መብቷም ሰነዷም ይጠበቃል። ሳትናገር ከቤት መውጣቷ ግን በጠፋችነት እንድትመዘገብ ያደርጋታል።

የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከልና የአቡ ዳቢ ዓለም አቀፍ ገበያ የራሳቸው የሥራ ሕግ አላቸው። በእነዚያ ውስጥ የሚሠሩ ውላቸውን በዚያው ሕግ መሠረት ማየት አለባቸው። በሌሎቹ ነፃ ቀጠናዎች ፌዴራላዊው የሥራ ሕግ ይሠራል፤ የፈቃድ ስረዛው ግን በቀጠናው አስተዳደር በኩል ይፈጸማል።

ክርክር ቢነሣ

ክፍያ የተከለከለ ወይም የተቀነሰበት ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚያመለክተው ለሰው ኃይልና ኤምሬታዜሽን ሚኒስቴር ነው። የሚኒስቴሩ የስልክ ቁጥር 600590000 ነው። እስከ 50,000 ዲርሃም በሚደርሱ ክርክሮች ላይ ሚኒስቴሩ ራሱ ውሳኔ መስጠት ይችላል። የይገባኛል ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜም በ2024 በተደረገው ማሻሻያ የሥራ ግንኙነቱ ካበቃ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሆኗል። ይሁን እንጂ ከአገር ከወጡ በኋላ መከራከር በአካል ተገኝቶ እንደመጠየቅ አይቀልም። ውሉን፣ የደመወዝ መግለጫዎችን፣ የመልቀቂያ ደብዳቤውንና የደረሰኙን ቅጂ በእጅ ይዞ፣ ጥያቄን ከመሳፈር በፊት ማቅረብ ይመረጣል።